የአሜሪካ የስደተኛ እርዳታ ለማን ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደወላችሁ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት አሜሪካ ስላሉ ዘመዶቻችሁ ነው። በአየር ላይ ሰዓቱ ስላጠረ መልሱን እዚህ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ከሸዋበር የደወሉ አባት፦ «ልጄ በዲቪ ሄዶ ሚኒሶታ ነው። ጎረቤቱ ያለው የስደተኛ ቤተሰብ ግን ቤት ተፈልጎለት፣ ገንዘብ ተሰጥቶት ነው የገባው። ልጄ ምን በድሎ ቀረበት?»

ምንም አልበደለም አባባ። የገባበት መንገድ ነው የለያቸው። ጎረቤቱ ውጭ አገር ሳለ ስደተኛነቱ ተረጋግጦ የመጣ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የመልሶ ማስፈር ድርጅት ኤርፖርት ድረስ ሄዶ ይቀበለዋል፤ ለ90 ቀን ያህል ቤቱን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የሕክምና ቀጠሮውን ያመቻችለታል። ዲቪ የደረሰው ሰው ግን ግሪን ካርድ የሚሰጠው ራሱን ይችላል ተብሎ ነው። ከዚህ ፕሮግራም ምንም አያገኝም። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) እና ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የሕክምና መድን) እንኳ ለአዋቂ ሰው በ1996ቱ (በፈረንጆች) የአሜሪካ ሕግ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ያስጠብቃሉ። በቤተሰብ ስፖንሰር የሄደም እንደዚያው ነው። ጎረቤቱም ቢሆን ሁሉን በነፃ አላገኘም፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ ሠርቶ ይከፍለዋል።

ከኮምቦልቻ የደወለች እህት፦ «እህቴ ሜሪላንድ ጥገኝነት ጠይቃ እየጠበቀች ነው። ለምንድን ነው ምንም የማይሰጧት?»

ገና ስላልተፈቀደላት ነው። የጠየቀና የተፈቀደለት በሕጉ ፊት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ጠያቂ ሳለች ትልቁ መብቷ የሥራ ፈቃድ ነው፤ እሱም ማመልከቻዋ ገብቶ 150 ቀን ሲሞላው የሚጠየቅ፣ ከ180 ቀን በፊት የማይሰጥ ነው። ኬዟ የተፈቀደ ዕለት ግን ለስደተኛ ገንዘብና ሕክምና ማመልከት ትችላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ካምፕ ሆኖ ለተመረጠው ስደተኛ የእርዳታው ጊዜ የሚቆጠረው አሜሪካ ከገባበት ቀን ነው። ለእህትሽ ደግሞ ጥገኝነቱ ከተፈቀደበት ቀን። ገንዘቡና ሕክምናው 12 ወር የነበረ ሲሆን፣ ከግንቦት 2025 (በፈረንጆች) ወዲህ 4 ወር ብቻ ሆኗል። ሰዉ ደስታውን ሲያከብር፣ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ሲሠራ አራት ወሩ እልም ይላል። ስለዚህ በዚያው ሳምንት የስደተኞች ድርጅት ቢሮ ትሂድ። የሥራ ማፈላለግና የቋንቋ ትምህርቱ እስከ 5 ዓመት ስለሚቆይ እሱ አያስቸኩልም። ባል ወይም ከ21 ዓመት በታች ያላገቡ ልጆች እዚህ ካሏት ደግሞ፣ በ2 ዓመት ውስጥ ታመልክትላቸው። አብሽሪ፣ መጠበቁ ረጅም ነው እንጂ በሩ አልተዘጋም።

ከሐይቅ አጠገብ፣ ከጃሪ መጠለያ፦ «ተፈናቃይ ነኝ። አንድ ሰው የአሜሪካ የስደተኛ ፎርም አስሞላሃለሁ ብሎ ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?»

አትክፈል ወንድሜ። በ1951ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ስደተኛ የሚባለው ከአገሩ ድንበር የወጣ ሰው ነው። ያንተ መከራ ከማንም አያንስም፤ ግን አገርህ ውስጥ ስላለህ ሕጉ ተፈናቃይ ይልሃል፣ መንገዱም ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ደግሞ ለምዝገባም ሆነ ለመልሶ ማስፈር አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። በዚያ ላይ አሜሪካ ራሷ ከጥር 2025 (በፈረንጆች) ጀምሮ ፕሮግራሙን ከጥቂቶች በስተቀር አቁማዋለች። ሰውዬው ሌባ ነው፤ ለሕግ ጠቁመው።

ከቧንቧ ውሃ፦ «በስደተኛነት የገባው ወንድሜ ግሪን ካርድ ሲያወጣ እርዳታው ይቀርበታል?»

አይቀርበትም። በስደተኛነት መግባቱ ከመዝገቡ አይፋቅም፤ ቀሪ ጊዜ ካለው ይጠቀምበታል። ከገባ 1 ዓመት ሲሞላው ለግሪን ካርድ ማመልከትም ግዴታው ነው። እንዲያውም አሁን መቸኮል ይሻለዋል፤ በ2025 የወጣው ሕግ ስደተኞችን ከፉድ ስታምፕ ያስወጣ ሲሆን፣ ግሪን ካርድ ሲይዙ ግን ይመልሳቸዋል። ሲገባ የተሰጠውን አይ-94 የሚባል ወረቀት ኮፒ አድርጎ ያስቀምጥ፤ ቢሮ በሄደ ቁጥር በምን እንደገባ የሚያስረዳለት እሱ ነው።