ራጂንደር ጎዬል፦ 750 ዊኬት፣ ዜሮ ቴስት

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ወሬዬ ደግሞ ስለ ክሪኬት ነው። ኧረ ቆዩ፣ አትዝጉት!

እዚህ ሻርጃ ከክሪኬት ማምለጥ አይቻልም። ባዶ መሬት በተገኘበት ሁሉ ሕንዶቹና ፓኪስታኖቹ ይጫወታሉ። እኔም ቆሜ ሳይ ሳይ ገባኝ። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል። መቺው ሲቃጠል ለወርዋሪው አንድ ዊኬት ይቆጠርለታል። ለዛሬ ይሄ ይበቃናል።

ራጂንደር ጎዬል የሚባል ሰው ነበር። በፈረንጆቹ 1942 የተወለደ፣ የሰሜን ሕንድ ሰው። ግራኝ ስፒነር ነው። ስፒነር በፍጥነት አያስፈራም። ኳሷን በጣቶቹ ያሾራታል፤ መሬት ነክታ ስትነሳ መቺው ከጠበቃት መስመር ትወጣለች። የጎዬል ኳስ ከቀኝ እጅ መቺ ትሸሻለች። መቺው እጁን ዘርግቶ ሲከተላት የዱላውን ጠርዝ ነክታ ትሄዳለች፤ በቃ፣ መሬት ሳትነካ ተያዘች፣ መቺው ተቃጠለ።

ራንጂ ትሮፊ የሕንድ ግዛቶች የሚፋለሙበት ውድድር ነው። ጎዬል ከ1958 ጀምሮ ለፓቲያላ፣ ለደቡብ ፑንጃብ፣ ለዴልሂ፣ ከዚያ ለሃሪያና ተጫወተ። ያቆመው 42 ዓመቱ ላይ ነው። በራንጂ ብቻ 637 ዊኬት አለው፤ ይህን የሰበረ የለም። ራንጂን ጨምሮ አንደኛ ደረጃ በሚባሉት ረጃጅም ጨዋታዎች በጠቅላላው 750።

ቴስት ማለት ብሔራዊ ቡድኖች የሚጋጠሙበት ረጅሙ ጨዋታ ነው። ለሕንድ የተጫወተው ቴስትስ? ዜሮ። አንድም የለም።

ምክንያቱ ስም አለው፤ ቢሻን ቤዲ። እሱም ግራኝ፣ እሱም ስፒነር፣ ያውም የዓለም ምርጥ ከሚባሉት። 67 ቴስት፣ 266 ዊኬት። የጎዬል ነገር እንደ ተጠባባቂ በረኛ ነው፤ ፊትህ ያለው ካልታመመ አትገባም። ቤዲ ደግሞ አይታመምም!

ግን አንድ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ኅዳር 1974፣ ባንጋሎር፣ ሕንድ ከዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም ከካሪቢያን ደሴቶች ቡድን። ቤዲ በሥነ ሥርዓት ጉዳይ ከቡድኑ ወጣ። ጎዬል ተጠራ። 32 ዓመቱ ነው፣ ሁሉም ይገባል ብሎ ጠብቋል። አሰላለፉ ሲነገር ስሙ የለም። ፕራሳናንና ቬንካታራጋቫንን አስገቡ። ሁለቱም የቀኝ እጅ ስፒነሮች ናቸው፤ የሁለቱም ኳስ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የምትዞረው። በተቃራኒው የምታዞር ግራ እጅ አጠገባቸው ተቀምጣ ማለት ነው። ይሄ ነገር እስካሁን አይዋጥልኝም። ሕንድ በ267 ሩጫ ተሸነፈች፤ ሩጫ ማለት ነጥብ በሉት። በነገራችን ላይ የዌስት ኢንዲሱ መቺ የቪቪያን ሪቻርድስ የመጀመሪያ ቴስት ያ ነበር፤ ሁለቴም በትንሹ ተቃጠለ። በሚቀጥለው ቴስት ዴልሂ ላይ 192 መታ፣ ያወጣውም የለም። ያኔ ግን ቤዲ ተመልሷል።

እና ጎዬል ምን አደረገ? ወደ ሃሪያና ተመለሰ። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ተጫወተ። ብሔራዊ ቡድን እንደማይጠራው እያወቀ፣ ሜዳው ላይ ተመልካች በጣት በሚቆጠርበት ጨዋታ፣ ያችኑ ኳስ እዚያችው ቦታ ላይ ያሳርፋል። ካፒል ዴቭ የሚባለው ጎረምሳ በ1975 ለሃሪያና መጫወት ሲጀምር ጎዬል እዚያው ነበር። ልጁ ሄዶ በ1983 ለሕንድ የዓለም ዋንጫ አነሳ። ጎዬል ያኔም ይወረውራል።

ስለ እሱ የሚያወራ ሁሉ «ምስኪን» ይለዋል። እኔ ቃሉ አይጥመኝም። ባንጋሎር ላይ ተበድሏል፣ ያለ ጥርጥር። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መቺዎችን ሲያቃጥል የኖረ ሰው እንዴት ነው ምስኪን የሚሆነው? የሕንዱ መቺ ሱኒል ጋቫስካር እንኳ፣ ያ ሁሉ ሩጫ ያለው ሰው፣ ከሚያደንቃቸው ተጫዋቾች አንዱ አድርጎ ጽፎለታል።

በ2017 የሕንድ ክሪኬት ቦርድ የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጠው። አብሮት የተሸለመው የሙምባዩ ፓድማካር ሺቫልካር ነው። እሱም ግራኝ ስፒነር፣ እሱም ከቤዲ ዘመን፣ የእሱም ቴስት ዜሮ። ጎዬል በ2020 ሮታክ ውስጥ አረፈ።

ይህን ሁሉ ለአንድ ሕንዳዊ ጎረቤቴ ሳወራው ምን አለኝ? «ቢሆንም ቤዲ ይበልጣል።» ይበልጥ ይሆናላ! እኔ መቼ አይበልጥም አልኩ።