አንድ ጆንያ፣ ሦስት ክብደት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አደንዛዥ ዕፅን ተቀናጅተው ስለመከላከላቸው ሲወራ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴውና ቃለ ጉባኤው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ማየት የምፈልገው የኤግዚቢት፣ ማለትም ለማስረጃ የተያዘ ዕቃ፣ ርክክብ ቅጹን ነው።

ጉምሩክ አንድ ጆንያ ካናቢስ ያዘ እንበል። ከነመጠቅለያው መዝኖ 12 ኪሎ ብሎ ጻፈ። ፖሊስ ፕላስቲኩን አንሥቶ ሲመዝን 11 ሆነ። ላቦራቶሪው ጋ ሲደርስ ቅጠሉ ደርቋል፤ 9 ተኩል። የሰረቀ የለም። ፍርድ ቤት ግን ጠበቃው "ቀሪው የት ገባ?" ሲል ዐቃቤ ሕጉ የሚመልሰው ያጣል።

መፍትሔው ሁሉም የሚጠቀሙበት አንድ ቅጽ ነው። ጠቅላላውና የተጣራው ክብደት ለየብቻ ይጻፋል፤ የትኛው ሚዛን እንደሆነ፣ የእሽጉ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የአስረካቢና የተረካቢ ፊርማም እንዲሁ። እሽጉ ሲከፈት አሮጌው ማሸጊያ አይጣልም፣ ከኤግዚቢቱ ጋር ይቀመጣል። ለናሙና የወጣው ግራም ካልተመዘገበ ደግሞ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

አስተባባሪ መሥሪያ ቤት መሰየም አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት አንቀጽ 35 ይመክረዋል። እ.ኤ.አ. የ1988ቱ ስምምነት አንቀጽ 11 ደግሞ ከዝውውሩ ጀርባ ያሉት እንዲታወቁ ዕፁ ወዲያው ሳይያዝ በክትትል ሥር ሆኖ እስከ ተቀባዩ እንዲጓዝ ይፈቅዳል፤ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል በሌላ ነገር ተተክቶም ቢሆን። እዚህ ላይ ነው ቅንጅት የሚፈተነው። መንገድ ላይ ያለ ኬላ ካልተነገረው መኪናውን አስቁሞ ይፈትሻል፣ ተቀባዩም ይሰወራል። ለኬላው ሁሉ ከተነገረ ደግሞ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ሌሊትም ስልክ የሚያነሣ አንድ ሰው ብቻ ይወከላል፤ የዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ጭነቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ያልቃል፤ ክትትሉ ከጠፋ ማን "ያዙት" እንደሚልም አስቀድሞ ይወሰናል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ዕፅ ለመሥራት የሚውለው ኬሚካል ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ሄሮይን ለመሥራት የሚውለው አሴቲክ አንሃይድራይድ ሕጋዊ የፋብሪካ ግብዓትም ነው። ላኪው አገር ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ለተቀባዩ አገር ማሳወቂያ ይልካል። ማሳወቂያው የደረሰው ክፍል አስመጪው በእርግጥ ፋብሪካ ያለው መሆኑን የሚያጣራለት ሰው ከሌለው መልሱ ይዘገያል፣ ጭነቱም ይጓዛል። የአስመጪዎቹን ፈቃድ ዝርዝር ጉምሩክና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በአንድ ቋት ቢያዩት ግን ማጣራቱ በዚያው ዕለት ያልቃል።