ሲጋራ ግዛልኝ ብላችሁ ልጅ አትላኩ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ልጆቼ ተማሪዎች፤

ግንቦት 23 በመላው ዓለም ከትምባሆ ነፃ ቀን ሆኖ ስለሚታሰብ፣ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረታችን ስለ ወጣቶችና ስለ ሲጋራ እንድናገር ጠይቆኛል። ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አሳውቋል፤ ሳንባንና ልብን ምን እንደሚያደርግም ተማሪዎቼ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ተምረዋል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ እኛ፣ ስለ ትልልቆቹ ለመናገር ነው።

በሐዋሳ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁን አስተምሬ ዛሬ ልጆቻችሁን እያስተማርኩ ነው። ሲያጨስ የተገኘ ተማሪ ወላጅ ሲጠራ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ጓደኛ አበላሸብኝ»። የጓደኛው ወላጅም ሲመጣ ይህንኑ ይላል። የአቻ ግፊት በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎውረንስ ስታይንበርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በመኪና መንዳት ጨዋታ ላይ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲያዩአቸው ብቻቸውን ከሚጫወቱበት ጊዜ ይልቅ እጅግ ደፋር ሆነው ተገኝተዋል፤ በትልልቆቹ ላይ ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ቅዳሜ ከሰዓት በአሞራ ገደል በኩል ያለፈ ሰው አንዲት ሲጋራ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ ያልተቀበለውም ልጅ «ፋራ» ሲባል ሰምቷል። ይሁን እንጂ ያችን ሲጋራ ወደ ጓደኞቹ ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ልጅ ከማን ተማረ?

የአንድ ተማሪዬን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ስሙንም ሰፈሩንም አልጠራም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጫት የሚቅሙ የሰፈር ጎልማሶች «ማሙሽ፣ ና እስቲ» እያሉ ውኃ፣ ኦቾሎኒና ሲጋራ እንዲገዛላቸው ይልኩት ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ለመትከል የሚቀድማቸው የለም። ትልቅ ሰው ሲልክህ እሺ በል ብለን ያሳደግነው እኛ ነንና ልጁ ይሮጣል፤ «መልሱን ያዘው» ሲሉትም ይደሰታል። ባለሱቁ ማን እንደላከው ስለሚያውቅ አንድም ቀን አልጠየቀውም። ከዕለታት አንድ ቀን ክብሪት ሲጠፋ «ከቡናው ፍም ለኩሰህ አምጣልኝ» አሉት። ሲጋራ በፍም የሚለኮሰው እየተሳበ ነውና ልጁ ሳበ፣ አሳለው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እነርሱም ስቀው «ጎበዝ፣ ወንድ!» አሉት። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ለባጃጅ ከሚሰጠው ገንዘብ እየቆጠበ በነጠላ ይገዛ ጀመር፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ለክፍል ጓደኞቹ የሚያቀብለው እርሱ ነበር። የሌሎቹ ወላጆች «አበላሸብን» ያሉት ጓደኛ ይህ ልጅ ነው።

ልጁ ሊታገድ ሲል አባቱ ይቅርታ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከዚያ በረንዳ ተነሥቶ የመጣ ሰው ነበር። ያን ዕለት ፊት ለፊት የነገርኩትን ዛሬ በሁላችሁ ፊት እደግመዋለሁ፤ ልጁን ለሲጋራ የላከ ሰው ለልጁ ሽማግሌ ሊሆን አይችልም! ልጆቻችንን በአንድ እጃችን ወደ ሱቅ እየላክን በሌላው እጃችን አንቀጣም!

ሕጉ ግልጽ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። «አባቱ ልኮት ነው» የሚል ባለሱቅ በዚህ አዋጅ ፊት መልስ የለውም። ሙሉ ፓኮ የተማሪ ኪስ አይችለውም፤ በነጠላ የሚሸጥለት ሰው ነው ሱሱን ለልጁ አቅም የሚመጥነው።

ቬፕ የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በሚመለከት ብዙ ወላጆች ዕቃውን ቢያዩት እንኳ አያውቁትም፤ አንዳንዱ እስክሪብቶ፣ አንዳንዱ ፍላሽ ይመስላል፤ ሽታውም የፍራፍሬ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ሺሻ በዚሁ አዋጅ እንዳይሸጡ ቢታገዱም ልጆቻችን በየቀኑ በቲክቶክ ያዩአቸዋል። በአሜሪካ ቬፕ የሚጠቀሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ከመቶ 11.7 ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 27.5 ደረሱ። አብዛኛው ቬፕ ኒኮቲን አለበት፤ ኒኮቲን ደግሞ ከሳንባ ተነሥቶ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ዕድገቱን ስለማይጨርስ ሱስ በልጅ ላይ ቶሎ ሥር ይሰዳል። ስለ ፊልምና ስለ ሙዚቃ ክሊፕም ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ሆኖም ቴሌቪዥን ልጅን ሱቅ አይልክም።

ከዚህ አዳራሽ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ማንም ሰው፣ አባትም ቢሆን፣ የእርሱንም ሆነ የጎረቤቱን ልጅ ሲጋራ እንዲገዛለት አይላክ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በትምህርት ቤታችን ዙሪያ ያሉትን ባለሱቆች ከቀበሌ ተወካዮች ጋር ሆነን እናነጋግራለን፤ አብረውን ለሚሄዱ ወላጆች የስም መመዝገቢያው መውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።