ልጁ ሰው ሲለይ

[መክፈቻ፦ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ከሩቅ። ከዚያ ሳሎን፤ ቡና ተፈልቷል።]

እስከ ሰባት ወሩ ለመጣው ሁሉ ሲስቅ፣ ከአንዱ እቅፍ ወደ ሌላው ሲዞር የነበረ ልጅ ድንገት ይቀየራል። አክስቱ ናፍቋት ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታ መጥታ እጇን ስትዘረጋለት ቤቱን በጩኸት ያቀልጠዋል። የእናቱን አንገት ይዞ አይለቅም። አክስት ይከፋታል። እናት ታፍራለች። ቡና ላይ ካሉት አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች፣ ሌላዋ ደግሞ «እቅፍ አስለምደሽው ነው» ትላለች።

ሁለቱም አይደለም። ልጁ ሰው መለየት ጀመረ እንጂ ምንም አልሆነም። አብሽሩ።

[ምስል፦ የህፃን ፊት በየወሩ]

ገና የተወለደ ህፃን ወይ ተመችቶታል ወይ አልተመቸውም፤ ከዚህ ብዙ አያልፍም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ፊታችሁን አይቶ ፈገግ ይላል። በእንቅልፍ ልቡ የሚስቀው ሌላ ነው፣ ይሄኛው ለእናንተ ነው። ፍርሃት ጎልቶ የሚመጣው ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያኔ የሚያውቀውን ፊት ማስታወስ ችሏል፣ አዲሱን ሰው ከዚያ ጋር ያስተያያል፣ አልገጥም ሲለው ይደነግጣል። እናቱ በር ዘግታ ስትወጣም የሆነ ቦታ እንዳለች ይገባዋል፤ መቼ እንደምትመለስ ግን አያውቅም። ለቅሶው የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ልጆች ላይ ከዓመት በኋላ ትንሽ ይብስና ሁለተኛ ዓመታቸው እየገፋ ሲሄድ ይቀንሳል።

[ምስል፦ የምሥራቅ አፍሪካ ካርታ፣ ካምፓላ ላይ ነጥብ]

ይሄን ነገር ሰው ቤት ቁጭ ብለው ካዩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዷ ሜሪ ኤንስዎርዝ ነች። የት መሰላችሁ? እዚሁ ጎረቤታችን ዩጋንዳ። በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ አጋማሽ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች እየዞረች 26 ቤተሰቦችን ተከታተለች። ልጆቹ ከእናታቸው ትንሽ ራቅ ይላሉ፣ ያገኙትን ዕቃ ይነካካሉ፣ ዞር ብለው እናታቸው መኖሯን ያረጋግጣሉ፣ ሲፈሩ ተመልሰው ይለጠፋሉ። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ ዓለም በሙሉ ስለ እናትና ልጅ ቁርኝት የሚማረው ነገር አንዱ ሥሩ አፍሪካ ውስጥ ነው።

በኋላ አሜሪካ ሄዳ አንድ መፈተኛ ሠራች። ከ12 እስከ 18 ወር ያሉ ልጆች ከእናታቸው ጋር አንድ ክፍል ይገባሉ፣ እናት ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ዋናው የሚታየው ልጁ ማልቀስ አለማልቀሱ አይደለም። ስትመለስ ምን ያደርጋል? ተማምኖ ያደገ ልጅ ቢያለቅስም ወደ እሷ ይሄዳል፣ ስታቅፈው ይረጋጋል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አንዳንዱ እየተለጠፈባትም እየገፋትም ያለቅሳል፣ ቶሎ አይበርድለትም። አንዳንዱ ደግሞ እንዳላያት ሆኖ ይጫወታል። ይሄኛውን ብዙ ሰው «ጎበዝ፣ ጠንካራ ልጅ» ይለዋል። ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የእነዚህን ልጆች የልብ ምት ሲለኩት ከፍ ብሎ አገኙት። ተጨንቀዋል፤ አላሳዩም እንጂ።

«እቅፍ ይለምዳል» ለሚለውም መልስ አለ። ኤንስዎርዝና ባልደረባዋ እንዳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያለቅሱ ቶሎ የተደረሰላቸው ልጆች ዓመት ሊሞላቸው ሲል ከሌሎቹ ያነሰ ነበር የሚያለቅሱት። ስለዚህ አንቀልባውን አውጡ፣ እሹሩሩም በሉ።

[ምስል፦ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ይስቃል አንዱ እናቱ ቀሚስ ሥር]

«እህቱ እኮ እንዲህ አልነበረችም» ሲባል ደግሞ እናት ጥፋቱን ወደ ራሷ ትወስዳለች። እባካችሁ ይሄን ተዉላት። ከአውሮፓውያኑ 1956 ጀምሮ ኒው ዮርክ ላይ ቶማስና ቼስ የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ልጆችን ከህፃንነታቸው ጀምረው ለዓመታት ተከታትለው ነበር። 40 በመቶ የሚሆኑት ቀለል ያለ ጠባይ ነበራቸው፣ 15 በመቶው አዲስ ነገር ቀስ ብለው የሚለምዱ፣ 10 በመቶው በቀላሉ የሚነጫነጩና እንቅልፋቸውም ምግባቸውም ሰዓት የማይጠብቅ። የቀሩት ድብልቅ ናቸው። ልጅ ጠባዩን ይዞ ነው የሚወለደው። የእኛ ድርሻ አያያዛችንን ከእሱ ጋር ማስማማት ነው። ጭምቱን ልጅ ሰኞ ገበያ ግርግር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ አታቀባብሉት፤ ጉልበታችሁ ላይ አስቀምጡትና ራሱ እስኪጠጋ ጠብቁት። አክስትም አታፍጥጥበት። ከእናቱ ጋር ታውራ፣ ይመጣል።

[ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ ጠዋት፣ ሠራተኞች ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲገቡ]

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጣሪ እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ሦስት አራት ወር ሲሆነው ለአያቱ ትታው ወደ ፈረቃዋ ትመለሳለች ማለት ነው። ያኔ ዝም ብሎ ይቀራል። ስምንት ወር ላይ ግን በሩ ላይ ያለቅሳል፣ እሷም እስኪዞር ጠብቃ ሹልክ ማለት ትጀምራለች። የሚደረገው ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልጁ የሚማረው እናቱ በማንኛውም ሰዓት ልትጠፋ እንደምትችል ነው፣ ከዚያ ቤት ውስጥ እያለችም ቀሚሷን አይለቅም። ይልቅ ሳሚው፣ «ሥራ ሄጄ እመጣለሁ» በይው፣ ለአያቱ በእጅ ስጫትና ሂጂ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ፣ አጠር አድርገሽ። ያለቅሳል፤ አያቱ አቅፋ ታባብለዋለች።

አያቱን ከወደደ እኔን ይረሳኛል ብለሽም አትስጊ። በአውሮፓውያኑ 1964 የወጣ፣ ስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ላይ የተሠራ ጥናት 60 ህፃናትን ተከታትሎ፣ 18 ወር ሲሞላቸው አብዛኞቹ ከአንድ ሰው በላይ ጋር የጠበቀ ቁርኝት እንዳላቸው አሳይቷል። አባትም፣ አያትም፣ ታላቅ እህትም ይገባሉ። የሚጎዳው ሞግዚት በየወሩ ስትቀያየር ነው፤ ስለዚህ የምታምኗትን ሰው ካገኛችሁ አክብራችሁ ያዟት።

ማታ ስትመለሺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የዋለ ልጅ አንቺን ሲያይ ሊያለቅስ ይችላል። አያትየው «ከእኔ ጋር እኮ ደህና ነበር» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። አንቺ ጋ ሲደርስ የያዘውን ይለቀዋል። ወጡ ትንሽ ይቆይ፣ መጀመሪያ እሱን እቀፊው።