ሻንጣው ውስጥ የተገኘው ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለነበረው ስለ ፍራንክሊን ሩዝቬልትና ስለ ባለቤቱ ስለ ኤሊኖር ነው የማወራው። ልቤ ያለው እሷ ጋ ነው፤ ከወዲሁ ልናገር። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ ነው የምጠራው።

በ1918 ፍራንክሊን ከአውሮፓ ታሞ ተመለሰ። ኤሊኖር ሻንጣውን ስትፈታ የፍቅር ደብዳቤዎች አገኘች። ጻፊዋ ሉሲ መርሰር ናት፤ የራሷ የኤሊኖር ጸሐፊ የነበረች። አምስት ልጆች አሏቸው እንግዲህ። ኤሊኖር ከፈለግክ እንፋታ አለችው። እናቱ ግን ብትፈታት ከእኔ ገንዘብ አትጠብቅ አሉት ይባላል። እሱም ሁለተኛ ሉሲን አላይም ብሎ ቃል ገባ።

«ለምን ጥላው አልሄደችም?» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ቀርታ የሠራችው ሥራ ነው። በ1921 ፖሊዮ እግሩን ከያዘው በኋላ በየስብሰባው እሷ ቆማ ትናገር ጀመር። ዋይት ሃውስ ሲገቡ ደግሞ አልጋው አጠገብ ባለ ቅርጫት ማታ ማታ ማስታወሻ ትከምርለት ነበር። ሲበዛበት ጊዜ በቀን ከሦስት አትለፊ አላት። ትዳራቸው ፖለቲካ ሆኖ ቀረ፤ አገሪቱ ግን ተጠቀመችበት ባይ ነኝ።

ሁሌ አልተሳካላትም። በ1942 የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ እንዲገቡ ፍራንክሊን ሲፈርም ውስጧ አልተቀበለውም፤ አደባባይ ላይ ግን አልተቃወመችም። ይሄ ዛሬም ያመኛል።

በ1943 ጦርነቱ ወዳለበት ደቡብ ፓስፊክ ሄደች። የዚያ አካባቢ የአሜሪካ ጦር አዛዥ አድሚራል ሃልሲ መምጣቷን አልወደደውም ነበር። እሷ ሆስፒታሉን ክፍል በክፍል ዞረች። እያንዳንዱ አልጋ ጋ ቆመች። ስምህ ማነው? ምን ጎደለህ? ለቤተሰብ የምትልከው መልእክት አለ? ሃልሲ ራሱ በኋላ አመሰገናት። አራት ወንዶች ልጆቿም ዘማቾች ነበሩ።

በየካቲት 1945 ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ለመምከር ወደ ያልታ ሲሄድ ልከተልህ ብትለው ልጃቸውን አናን ወሰደ። ከዚያ ሲመለስ ነው ግብጽ ውስጥ መርከብ ላይ ከጃንሆይ ጋር የተገናኘው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12፣ ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በሚባል ቦታ ሞተ። ኤሊኖር ዋሽንግተን ነበረች። እዚያ ስትደርስ አብራው የነበረችው ሉሲ መሆኗን ሰማች። የባሰው ደግሞ ሁለቱ እንዲገናኙ ስታመቻች የቆየችው አና ራሷ ነበረች። የባል ክህደት አንድ ነገር ነው። የልጅ ሲጨመርበት እንዴት ይቻላል?

በኋላ ኤሊኖር ከዕቃዎቹ መሃል የፍራንክሊንን ሥዕል አገኘች። ለሉሲ ላኩላት አለች። ብዙዎች ይቅርታ ይሉታል። እኔ ይቅርታ ነው ለማለት አልደፍርም። ሌላዋም ሐዘንተኛ መሆኗን ግን አይታለች፤ ለዚህ ነው የማከብራት። እናንተ ብትሆኑ ትልኩላት ነበር? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።