ያቺ አንድ ገጽ፦ የሊቀመንበሩ የመክፈቻ ንግግር፣ ደሴ

የተከበራችሁ የታሪክ ማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሼሁ ዱአ አድርገዋል፣ ቄሱም ባርከዋል፤ እኔ ምርቃት አልደግምም። አዳራሹን በነጻ የሰጡንን፣ ቡናውንም ያፈሉልንን ፈጣሪ ይስጥልን።

ዓመቱን ምን ሠራን? ከሐይቅ፣ ከወልዲያና ከቆቦ አካባቢ የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ ቀድተናል። የድሮ ፎቶግራፎች ሰብስበናል። ከተማሪዎች ጋር ተወያይተናል። እኮራበታለሁ። ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ስላለ አላነበውም።

እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ታውቁታላችሁ። መጽሔታችን ተዘጋጅቶ አንድ ገጽ ጎድሎት ተቀምጧል። «በ1966 ዓ.ም. የንጉሡን መንግሥት የጣለው ምንድን ነው?» የሚለው ገጽ። በዚች ገጽ ሰበብ ስብሰባ ተረግጦ ተወጥቷል። ከቴሌግራም ግሩፓችን ብዙ ሰው ወጥቷል። መዋጮ ያቆመም አለ። ለማተሚያ ያሰብነው ገንዘብ የጎደለው በዚሁ ነው።

አንዱ ወገን «ድርቅ ነው» ይላል። ዝናብ ቀረ፣ ሕዝብ አለቀ፣ መንግሥት ወደቀ። አለቀ። ሌላው ወገን «የለም፣ ወታደሩ ነው» ይላል።

የድርቁን ወገን ልጠይቅ። በ1965 ዝናቡ የቀረው ለሁሉም ነው፤ የተራበው ግን ማን ነው? የደሴ ትልቅ ነጋዴ አልተራበም። ባለ ሰፊ መሬቱም አልተራበም። የሞተው ጭሰኛው ነው፣ ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ነው፣ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ነው። አፋሩ ደግሞ የባሰ ተጎዳ። አዋሽ ዳር የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ግጦሽ ተወስዶበት ነበር። ድርቁ ሲመጣ የሚሸሽበት ቦታ አልነበረውም።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ አጥንቶታል። ያገኘው ነገር እስካሁን ያናድደኛል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። እዚህ የተራበው ሰው መግዣ ስላልነበረው እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ያ እህል የሚጫንበት አስፋልት ዳር ነው ሰው የሚወድቀው። ታዲያ ይህን ደመና ላይ እናላክካለን?

ጭሰኛው በደህናው ጊዜም ቢሆን ሲሶውን፣ አንዳንድ ቦታ እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክባል። ለክፉ ቀን ምን ያስቀምጣል? «መሬት ላራሹ» ብለው ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ የጮኹት በ1957 ነው፣ ረሃቡ ከመምጣቱ ስንት ዓመት ቀድሞ። የእኛው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪ ዋለልኝ መኮንን ከዚያ ትውልድ ነው። በሐሳቡ መስማማት አለመስማማት የየራሳችሁ ነው፤ ወሎ ዝም ብላ አልተቀመጠችም ለማለት ነው ያነሣሁት።

ወደ ወታደሩ ወገን ልምጣ። እዚህ ላይ ጡረተኛ ወንድሞቻችን ይበረቱብኛል። ወታደሩ መሣሪያ ባይዝ ኖሮ ዙፋኑ አይነቃነቅም ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ምን ነበር የሆነው? የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሩ ከእሱ እንዳይቀዳ ከለከሉ። ምግቡም የማይበላ ነበር። ይኸው ነው። በአንድ ካምፕ ውስጥ ሁለት ጉድጓድ! ወንድሞቼ፣ የእናንተም ታሪክ ዞሮ ዞሮ የጭሰኛው ታሪክ ነው።

በየካቲት ታክሲ ነጂው በቤንዚን ዋጋ፣ መምህሩ በደመወዝና በትምህርት ፖሊሲው ተነሣ። ሚያዝያ 12 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ እኩልነት ይከበር ብሎ ወጣ፣ ክርስቲያኑም አብሮት ተሰለፈ። ለወሎ ሰው ይህ ቀን ብቻውን አንድ ገጽ ይገባዋል።

አሁን የራሴን ልናገር። የባለጠጋና የድሃ ልዩነት ብቻውን ንጉሥ አይጥልም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ስንት ዘመን ተሸክሞታል ሕዝቡ። የተራበው የወሎ ገበሬም በዚያ ዓመት አላመፀም፤ መቆሚያ ጉልበት አልነበረውም። ያመፀው ልዩነቱን ያየ ሰው ነው፣ ያየውን ደግሞ የደበቁበት። ሐምሌ 1964 የንጉሡ 80ኛ ዓመት ልደት በድምቀት ተከበረ። በዓመቱ ረሃቡ ወሎን ሲጨርስ መንግሥት ዝም አለ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ መጥተው ፎቶ አንሥተው ወሰዱ፣ ተማሪው አየ። ከዚያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ቀረጸ። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ።

«ይህ ደርግን ማመስገን ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኛን ነጻ አውጥቷል፤ ይጻፍ። በ1977 ኮረም ላይ ሕዝብ እያለቀ 10ኛው የአብዮት በዓል በጭፈራ መከበሩም ይጻፍ። ረሃብ ደበቀ ብሎ ንጉሥ ያወረደ መንግሥት ራሱ ደበቀ። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ቢቀመጡ ማን ይሞታል?

ወደቀሩት ልምጣ። ስም አልጠራም፣ ደሴ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ ያልመጣችሁት ከዚህ አዳራሽ በባጃጅ አምስት ደቂቃ የማይርቅ ቤት ውስጥ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ከመካከላችሁ አባቱ ባለመሬት የነበረ አለ፣ ስማቸው በክፉ እንዳይነሣ የፈራ። ይገባኛል ወንድሜ። ግን አንተ ከሌለህ የአባትህን በኩል ማን ይናገራል? እኛ ብቻችንን ከጻፍነው እኮ ያኔ ነው የሚበደሉት። አባቷ በዚያ ዓመት መንገድ ዳር የሞቱባት እህታችንም ቀርታለች። እትዬ፣ ከአንቺ ቀጥሎ ማን ነው የሚመሰክረው? መዋጮ ያቆማችሁት ደግሞ ተናደን ነው ትላላችሁ። ንዴቱን ተቀብያለሁ፣ ብሩን ግን ላኩ።

እዚህ ለተቀመጣችሁት የማቀርበው ይህን ነው። ሁለቱም ወገን የየራሱን ግማሽ ገጽ ይጻፍ፣ በስሙ ይፈርም። እኔም ግማሽ ገጽ እወስዳለሁ፤ አሁን የሰማችሁትን ነው የምጽፈው። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አይሰርዝም። የተቀዳው ድምፅ ሳይገለበጥ ስልክ ላይ ተኝቷል። ከተናጋሪዎቹ ሁለቱ ዘንድሮ አርፈዋል። ገልባጭ እፈልጋለሁ፣ በተለይ እናንተ ታይፕ የምትችሉ ልጆች፣ አብሽሩ፣ ከባድ አይደለም። አፋርኛ የሚያውቅ ካለም በጣም እንፈልገዋለን፤ የአፋሮቹን ቃል ገና አልነካነውም።

ጸሐፊያችን መዝገቡን ይዞ በሩ ጋ ተቀምጧል። የመዋጮው ደረሰኝም እዚያው ነው። ሳይመዘገብ ወደ ምሳ የሚያልፍ ሰው በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። የኦዲት ሪፖርቱን እናዳምጥ፤ ሒሳብ ሹሙ፣ መድረኩ ያንተ ነው።