ጓጉንቸሯን አይቼ ነበር

እንዴት ሰነበታችሁ። ድመቷ ዛሬም በሩን እየቧጠጠች ነው። ድምጿ ከገባ እሷ ናት፣ ታውቋታላችሁ። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ሌላ ወሬ ነበር፤ እሱ ይቆየን። አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ የሚጡ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል።

ለበዓሉ ስጦታ ኦንላይን ስትፈልግ ነበር። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነው። መጣችና ስልኳን ፊቴ ላይ ዘረጋችው። «እትዬ፣ ይሄ ገጽ ደህና ነው? እዪልኝ እስቲ።» እጄ አረፋ በአረፋ ነው፣ ስልኩን አልነካሁትም። አንገቴን ብቻ ዞር አደረግኩ። ከላይ፣ አድራሻው ጎን፣ ያቺ ትንሽዬ ጓጉንቸር አለች። «ቁልፍ አለው፣ ደህና ነው» አልኳት። «አንቺ ካልሽ ይሁን» ብላ ሄደች።

በቃ። ይኸው ነው። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ገንዘቡ ሄደ። ዕቃው አልመጣም። በሳምንቱ ገጹም የለም።

ጓጉንቸሯ ምን ማለት እንደሆነች ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከስልክሽ ወደ ገጹ የምትልኪውን መንገድ ላይ ማንም አያነብብሽም። ማዶ ሆኖ የሚቀበልሽ ሰው ሌባ ይሁን ጨዋ፣ ስለሱ ምንም አትልም። ሌባም ጓጉንቸር ያወጣል፣ ያውም በነጻ። ጎግል እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ባደረገው ጥናት ትርጉሟን በትክክል የተረዱት ከተሳታፊዎቹ 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2023 ክሮም ከሚባለው የራሱ ብራውዘር ላይ አንስቷት ሌላ ምልክት ተካባት። ሚጡ የምትጠቀመው ሌላ ብራውዘር ነው፣ እሱ አሁንም ያሳያታል። እኔ ደግሞ ጓጉንቸሯን አምኜ ፈረድኩ።

በኋላ አድራሻውን ከሂስትሪው፣ የገባችባቸው ገጾች ከተመዘገቡበት፣ ፈልገን አወጣነው። የምናውቀው ሱቅ ስም ነው። አንዷ ፊደል ላይ ግን... ኤም መሆን የነበረባት ቦታ ላይ አር እና ኤን ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በትንንሹ ፊደል ሲጻፉ፣ በስልክ ስክሪን ላይ፣ ቁርጥ ኤም ናቸው። ጣቴን አስጠግቼ ነው የለየኋቸው። እጄን አድርቄ ስልኩን ብቀበላት ኖሮ አየው ነበር? እንጃ። አየው ነበር ብዬ ማሰብ ይቀለኛል። ወይስ ይብሳል?

ሌላ ምልክትም ነበር። መክፈያው ላይ ስትደርስ በካርድ ከመክፈል ወደ አካውንት ብታስተላልፊ ቅናሽ አለሽ ብሏታል። እዚህ ጋ ነው መቆም። በካርድ የከፈለ ሰው ባንኩ ጋ ሄዶ አቤት የሚልበት፣ ክፍያው የሚመረመርበት መንገድ አለው። በገዛ እጅ ያስተላለፉትን ማስመለስ ግን ከባድ ነው። ይሄን አውቅ ነበር። እሱን ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም «በምን ልትከፍዪ ነው?» አላልኳትም።

ሰዓቷንስ ነገርኳችሁ? ገጹ ላይ ቅናሹ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ቀረው የሚል ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሚጡ ሳታስበው ገጹን አደሰችው። ሰዓቱ እንደገና ከ10 ጀመረ። «ደስ አለኝ፣ ጊዜ የጨመሩልኝ መስሎኝ» አለችኝ። ይሄን ስትነግረኝ... ቆይ። ውሃ ልጠጣ።

እሺ።

ያናደደኝ ደግሞ የቀጠለው ነው። ከሁለት ቀን በኋላ መልእክት መጣላት፦ «የተጭበረበሩትን ገንዘብ እናስመልሳለን፣ ቅድሚያ የአገልግሎት ክፍያ።» አንዴ የተበላን ሰው ስልክ ሌቦቹ እርስ በርሳቸው ይሻሻጣሉ፤ ወይ ያው ራሳቸው ናቸው። ደግነቱ ያን ቀን አጠገቧ ነበርኩ። ዕቃዎ ተይዟል፣ ሊንኩን ይጫኑ የሚለውም አለ። በበዓል ሰሞን ሁሉም ሰው የሆነ ዕቃ ይጠብቃል፣ ስለዚህ መልእክቱ ለሁሉም ልክ ይሆናል። ሊንኩን ትታችሁ ዕቃውን ያዘዛችሁበት ቦታ ራሳችሁ ግቡና እዩ። እባካችሁ።

እሷ አልተቆጣችኝም። «አንቺ ምን ታደርጊ» ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር እዪልኝ ብላኝ አታውቅም። ስልኳን ይዛ ሳሎን ትቀመጣለች፣ አንዳንዴ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ከዚያ ተመልሳ ስልኳ ላይ...

ትናንት ማታ ግን ሊንክ ላከችልኝ። ምንም አልጻፈችበትም፣ ሊንኩን ብቻ። አድራሻውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። የሱቁን ስም ራሴ ጽፌ በሌላ መንገድ ገባሁ፣ ይመሳሰላል። ስልክ ቁጥራቸው ላይ ደወልኩ፣ ሰው አነሳ። ደህና ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምለው። «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩላትና አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። እስካሁን አልላክሁትም፣ ይኸው ፊቴ ክፍት ነው፣ እና እሷ...

መጣሁ፣ ድመቷን ላስገባት።